ድምፁ ቀድሞ ሥዕሉ ስለ ዘገየ መዝሙር

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ስለ ጽሕፈት ጥቅም የተነገረ ነው። ዳሩ ግን ጽሕፈትም ሁሉን ነገር አይዝም። የነገሥታትን ዘመን፥ የጦርነትን ቀን፥ የውልን ቃል ብራና ይይዘዋል፤ የዘማሪን ድምፅ፥ ከድምፁም ጋር የፊቱን ወዝና የእጁን እንቅስቃሴ፥ የሚሰማውንም ሕዝብ ዕንባ ግን ብራና ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የዘመረና የዘፈነ ሰው ሁሉ፥ ቃሉና ዜማው ለተማሪው ቢተርፍም፥ የዘመረባት ያች ሰዓት ግን ከእርሱ ጋር ትቀበር ነበር። የሰው ልጅ ይህችን ሰዓት ከመቃብር የሚያስቀርበት መሣሪያ ያገኘው በቅርብ ዘመን ነው።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1978 ዓ. ም. ባለው ጊዜ (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር አንድ የሲኒማ ዓይነት እጅግ ተስፋፋ። ይኸውም የፈጠራ ተረት ሳይጨመርበት፥ ዘፋኞች በሕዝብ ፊት ሲዘፍኑ፥ ሕዝቡም ሲሰማ፥ ነገሩን እንደ ሆነው የሚያሳይ ፊልም ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በእርሱ ምክንያት አንዱ ጉባኤ በዓለም ሁሉ ሲታወቅ ሌላው ጉባኤ ተረሳ፤ አንዱ ከዕዳው ወጣ፤ የአንድ ወጣት ሞት በዳኞች ፊት ተመሰከረ፤ አንዲት ሴትም ስለ ገዛ መልኳ በፍርድ ቤት ተከራከረች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

የነገሩ ሥር መሣሪያው ነው። የዚያ ዘመን የሲኒማ ካሜራ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ያነሣ ነበር፤ ድምፁ ግን በሌላ መኪና በቴፕ ላይ ይቀረጽ ነበር። ሁለቱ ኋላ ሲጋጠሙ የዘፋኙ ከንፈርና ድምፁ እኩል እንዲሄዱ፥ ሥራው ሲጀመር አንድ ሰው በካሜራው ፊት ቆሞ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት የእንጨት ሰሌዳዎችን ያጋጫል። ሰሌዳዎቹ ሲገጥሙ የሚታይበት ሥዕልና ሲጋጩ የተሰማው ድምፅ አንድ ላይ ከተደረጉ የቀረው ሁሉ በራሱ ይስማማል። ይህ ካልተደረገ ግን ሥዕሉ ዲዳ፥ ድምፁም ዕውር ሆነው ይቀራሉ። ደግሞም በትከሻ የሚያዘው ካሜራ የሚጎርሰው የ400 ጫማ ጥቅል ፊልም በ11 ደቂቃ ያልቃል፤ ባለቀም ቍጥር ሌላ ሲተካ፥ ካሜራው በቆመና በተነሣ ቍጥር፥ ያ ምልክት እንደ ገና ያስፈልጋል። የዚህ የእንጨት ሰሌዳ ነገር ኋላ ለሚነገረው ታሪክ ቍልፍ ስለ ሆነ አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

ቀድሞ የሲኒማ ሰዎች ድምፅን ከሥዕል ጋር ለመያዝ ሲፈልጉ ዘፋኙን ጸጥ ወዳለ አዳራሽ ያስገቡት ነበር፤ መሣሪያው ከባድ ስለ ሆነ ወደ ሰው መሄድ አይችልም ነበርና። በ1958 ዓ. ም. በርት ስተርን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በኒውፖርት የተደረገውን የጃዝ በዓል በፊልም አንሥቶ መንገዱን ጀመረ። ከ1960 ዓ. ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ ሮበርት ድሩ የሰበሰባቸው ሪቻርድ ሊኮክ፥ ዲ. ኤ. ፔንቤከርና አልበርት ሜይስልስ በትከሻ ላይ የሚያዘውን ካሜራ ከሚንቀሳቀስ የድምፅ መቅረጫ ጋር አስማምተው ይሠሩ ጀመር። በፖላንድ ተወልዶ በስዊስ አገር ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ስቴፋን ኩደልስኪ ያወጣው ናግራ የሚባል የድምፅ መኪናም ለዚህ ሥራ ታላቅ ረዳት ሆነ። ከዚህ በኋላ ካሜራው ሰው ወዳለበት መሄድ ቻለ።

ፔንቤከር በጁን 1967 ዓ. ም. በካሊፎርንያ በሞንትሬይ ከተማ ለሦስት ቀን የተደረገውን የሙዚቃ በዓል ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ አነሣ። ሥራው ለቴሌቪዥን ታስቦ የተጀመረ ነበር፤ ያ ሳይሆን ስለ ቀረ ግን ፊልሙ በ1968 ዓ. ም. በሲኒማ ቤት ታየ። በዚያ በዓል ላይ የሆነ አንድ ነገር የካሜራን ኃይል አስቀድሞ የሚያሳይ ነው። ገና ስሟ ብዙ ያልታወቀው ጃኒስ ጆፕሊን ከጓደኞቿ ጋር ቅዳሜ ቀን ወጥታ ስትዘፍን፥ ጉዳያቸውን የሚያስፈጽምላቸው ሰው ፊልም እንዳይነሣ ከልክሎ ነበር። ሕዝቡ ግን በድምፅዋ እጅግ ስለ ተደነቀ፥ እሑድ ሁለተኛ ወጥተው እንዲዘፍኑና ፊልም እንዲነሣ ተደረገ። ዛሬ ሰው የሚያየው ያንን ሁለተኛውን ነው። በዚያው በዓል የዘፈነው ኦቲስ ሬዲንግም ስድስት ወር ሳይሞላው በ26 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ፊልሙም ወዲያው መታሰቢያው ሆነ። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ህንዳዊው ራቪ ሻንካር ሲታር የተባለውን የአገሩን መሣሪያ ረዘም ላለ ጊዜ ሲመታ ይታያል፤ ካሜራው በእጁና በሰሚዎቹ ፊት ላይ እየተመላለሰ፥ መስማት ራሱ ሥራ መሆኑን ያሳያል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በኦገስት 1969 ዓ. ም. በኒውዮርክ ግዛት፥ ቤተል በምትባል መንደር አጠገብ፥ ማክስ ያስገር በሚባል ወተት ነጋዴ ገበሬ ማሳ ላይ ዉድስቶክ የተባለው በዓል ተደረገ። የሦስቱ ቀን ዋጋ 18 ዶላር ነበር፤ ነገር ግን የመጣው ሕዝብ 400,000 ያህል ስለ ሆነና አጥሩ ስላልጸና መግቢያው በነጻ ሆነ። ዝናብ ዘነበ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ምግብ አነሰ። አዘጋጆቹም ከብዙ ዕዳ ላይ ወደቁ። ማይክል ዋድሊ ያነሣው ፊልም ግን በማርች 1970 ዓ. ም. ሲወጣ እጅግ ብዙ ገንዘብ አስገኘ፤ የኦስካርንም ሽልማት አገኘ። ቴልማ ስኩንሜከርና ወጣቱ ማርቲን ስኮርሴዚ ከቀጣጠሉት ሰዎች መካከል ነበሩ፤ ሁለትና ሦስት ሥዕል በአንድ መጋረጃ ላይ ጎን ለጎን አድርገው፥ በአንዱ ዘፋኙን በሌላው ሕዝቡን አሳዩ። ከሦስት ሰዓት የሚበልጠውን ይህን ፊልም ያየው ሕዝብ በማሳው ላይ ከነበረው እጅግ የበዛ ነበረ። ስለዚህ ዉድስቶክ ሲባል በሰው ልብ የሚመጣው የፊልሙ ዉድስቶክ ሆነ፤ ጭቃው እንኳ መልካም ትዝታ መሰለ።

አራት ወር ሳይሞላ ግን የዚህ ተቃራኒ መጣ። የእንግሊዞቹ ሮሊንግ ስቶንስ በአሜሪካ ያደረጉትን ጉዞ ለመፈጸም በዲሴምበር 6 ቀን 1969 ዓ. ም. በሰሜን ካሊፎርንያ፥ አልታሞንት በሚባል የመኪና እሽቅድድም ሜዳ ላይ በነጻ ሊዘፍኑ ተስማሙ። ስፍራው የተቆረጠው በመጨረሻ ሰዓት ነበረ፤ መድረኩ ዝቅተኛ፥ ሕዝቡም 300,000 ያህል ነበረ። መድረኩን የከበቡትና ሥርዓት አስከባሪ የመሰሉት በሞተር ብስክሌት የሚሄዱ ሄልስ ኤንጅልስ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። እነርሱም ሕዝቡን በዱላ ይደበድቡ ጀመር፤ ከዘፋኞቹም አንዱን በመድረኩ ላይ መትተው ጣሉት። ሲመሽ ሮሊንግ ስቶንስ በሚዘፍኑበት ሰዓት አንድ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ሽጉጥ አውጥቶ ታየ፤ ከሄልስ ኤንጅልስ አንዱም በጩቤ ወግቶ ገደለው። በዚያ ቀን ከእርሱ ሌላ ሦስት ሰዎች በአደጋ ሞቱ።

ወንድማማቾቹ አልበርትና ዴቪድ ሜይስልስ ይህን ጉዞ ያነሡ ስለ ነበረ የወጣቱ ሞት በፊልማቸው ላይ ተገኘ። ካሜራውን የያዘው ሰው የዘፈን ሥዕል ሊያነሣ ሄዶ የሞት ምስክር ሆነ። ፊልሙም ከፍርድ ቤት ቀረበ፤ ዳኞች ሥዕሉን እያቆሙና እያዘገሙ ተመለከቱ፤ የወጣቱ ሽጉጥም ከአጠገቡ ባለች ልጃገረድ ነጭ ልብስ ላይ ጎልቶ ስለ ታየ፥ ተከሳሹ ራሱን ለማዳን ነው ተብሎ በ1971 ዓ. ም. በነጻ ተለቀቀ። ከሜይስልስ ጋር የሠራችው ሻርሎት ዝዌሪን ደግሞ አንድ ብርቱ ነገር አሰበች። ዘፋኙ ሚክ ጃገር ፊልሙ በሚቀጣጠልበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ የወጣቱን ሞት ሲያይ፥ እርሱ ራሱ እንደ ገና በፊልም ተነሣ። በፊልሙ መጨረሻ ተነሥቶ ሲሄድ ፊቱ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይታያል።

ፊልሙ በ1970 ዓ. ም. ሲታይ ብዙ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች፥ በዓሉ ለፊልም ሲባል ጭምር የተደረገ ከሆነ ፊልም አንሺዎቹም ከበደሉ ድርሻ አላቸው፤ ከሰው ሞትም ገንዘብ ማግኘት አይገባም ብለው ነቀፉ። ሠሪዎቹ ግን የሆነውን አሳየን እንጂ ያልሆነውን አላደረግንም ብለው ተከራከሩ። የሁለቱም ነገር ዋጋ አለው። ካሜራው ባይኖር ዳኞች ከሺህ ሰው አፍ ሺህ ዓይነት ነገር በሰሙ ነበር፤ ካሜራው ስለ ነበረ ግን የአንድ ልጅ የመጨረሻ ሰዓት ለማያውቁት ሁሉ በገንዘብ የሚታይ ሆነ። ምስክርነትና ንግድ በአንድ ጥቅል ፊልም ላይ ተጠቅልለው ሲገኙ አንዱን ከሌላው ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

ዉድስቶክ በተደረገበት በዚያው በጋ፥ ከዚያ ማሳ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና በሚያስኬድ ስፍራ፥ በኒውዮርክ ከተማ በሃርለም ሰፈር ሌላ በዓል ነበረ። ቶኒ ሎሬንስ የተባለ ዘፋኝ አዘጋጅቶት፥ ከጁን 29 እስከ ኦገስት 24 ቀን 1969 ዓ. ም. ባሉት ስድስት እሑዶች፥ ማውንት ሞሪስ በሚባለው መናፈሻ 300,000 ያህል ሕዝብ፥ አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ፥ በነጻ ገብቶ ሰማ። ወጣቱ ስቲቪ ወንደር፥ ኒና ሲሞን፥ ስላይ ስቶንና ሌሎችም ብዙዎች ዘፈኑ። በጁላይ 20 ቀን ሰው በጨረቃ ላይ ሲወርድ የሃርለም ሕዝብ በመናፈሻው ነበረ፤ ስለ ጨረቃው የተጠየቁትም ብዙዎቹ፥ ያ ገንዘብ ለተራበው ሰፈራችን ቢሆን ይሻል ነበር ብለው መለሱ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበረ፤ እርሳቸው ይወዱት የነበረውን መዝሙር ማሃሊያ ጃክሰንና ማቪስ ስቴፕልስ በአንድ ማይክሮፎን ላይ እየተቀባበሉ ሲዘምሩ ሕዝቡ እንደ ልቅሶ ቤትም እንደ በዓልም ሆነ።

ይህን ሁሉ ሃል ተልቺን የተባለ ሰው በቪዲዮ ቴፕ ቀርጾ 40 ሰዓት ያህል አከማችቶ ነበር። ለመብራት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው መድረኩ ወደ ምዕራብ ፀሐይ ፊቱን አዙሮ እንዲሠራ አደረገ። ጥቂቱ ክፍል በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን ታየ፤ ሙሉውን ፊልም አድርጎ ለማውጣት ገንዘብ የሚሰጥ ግን አላገኘም። ዕቃው ወደ አምሳ ዓመት ያህል በምድር ቤት ተቀመጠ፤ ተልቺንም ፍጻሜውን ሳያይ በ2017 ዓ. ም. ሞተ። ኩዌስትላቭ በሚል ስም የታወቀው የከበሮ መቺ አሚር ቶምሰን ከዚያ ቴፕ ያወጣው ፊልም በ2021 ዓ. ም. ታየ፤ በ2022 ዓ. ም. ደግሞ ዉድስቶክ ከአምሳ አንድ ዓመት በፊት ያገኘውን የኦስካር ሽልማት አገኘ።

በፊልሙ ውስጥ፥ በዚያ በጋ ትንሽ ልጅ ሳለ በመናፈሻው የነበረ አንድ ሰው ተቀምጦ የድሮውን ሥዕል ሲያይ ይታያል። ሲያይም ያለቅሳል። ያየውን ለሰው ሲናገር የሚያምነው ስላልነበረ፥ እርሱም ራሱ ነገሩ የልጅነት ሕልም መስሎት ኖሮ ነበርና። ያልታየ ፊልም የሚያመጣው ጉዳት ከዚህ ላይ ይታወቃል። ሥዕሉ የቀረለት ሕዝብ ታሪኩ ሲጸና፥ ሥዕሉ የተቀበረበት ሕዝብ የገዛ ትዝታውን እስኪጠራጠር ድረስ ይደርሳል።

በኋለኞቹ ዓመታት የተሠሩትን ሁሉ መዘርዘር አስፈላጊ አይደለም፤ ሁለቱን ብቻ ማንሣት ይበቃል። በኦገስት 20 ቀን 1972 ዓ. ም. በሎስ አንጀለስ ትልቁ ስታዲዮም፥ የዋትስ ሰፈር ሁከት የሆነበት ሰባተኛ ዓመት ሲታሰብ፥ በአንድ ዶላር ዋጋ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ገብቶ ሙዚቃ ሰማ፤ ይህም ዋትስታክስ የተባለ ፊልም ሆነ። የበዓሉ መዝጊያ የነበረው አይዛክ ሄይስ የዘፈነው ዝነኛ ዜማ ግን ባለመብቱ ሌላ የፊልም ኩባንያ ስለ ነበረ ከፊልሙ ወጥቶ በሌላ ተተካ፤ ወደ ስፍራው የተመለሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ሁለተኛው በኖቬምበር 25 ቀን 1976 ዓ. ም. ዘ ባንድ የተባሉት ሙዚቀኞች በሳን ፍራንሲስኮ ሲሰናበቱ ስኮርሴዚ ያነሣው፥ በ1978 ዓ. ም. የወጣው «የመጨረሻው ዋልዝ» ነው። በእርሱ ጊዜ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ተሰናድቶ ነበር፤ ሰባት ካሜራ የሚያደርገው ሁሉ በ300 ገጽ ያህል ተጽፎ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሽማግሌው ማዲ ወተርስ ሲወጣ ካሜራዎቹ ፊልም ለመተካት ቆመው ኖሮ፥ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ትእዛዙን ሳይሰማ የቀረው ላስሎ ኮቫክስ ብቻ ማንሣቱን ቀጠለ፤ ከፊልሙ እጅግ የሚመሰገነው ያ ክፍል የተረፈው እንዲህ ነው። ከበሮ መቺው ሌቨን ሄልም ግን ካሜራው ከአምስቱ ባልንጀሮች ለአንዱ አዳልቷል ብሎ ኋላ በመጽሐፉ አማረረ።

ለመጨረሻ የቆየው የአሬታ ፍራንክሊን ነገር ነው። አሬታ በ1942 ዓ. ም. ተወልዳ በዲትሮይት ከተማ ያደገች፥ የታወቁት የባፕቲስት ሰባኪ የሲ. ኤል. ፍራንክሊን ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምራ በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ትዘምር ነበር፤ በ18 ዓመቷ ግን ወደ ዓለማዊው ዘፈን ሄደች፥ ከ1967 ዓ. ም. ጀምሮም ስሟ በአሜሪካ ሁሉ ገነነ። በ29 ዓመቷ፥ ክብሯ ከፍ ባለበት ጊዜ፥ ወደ ልጅነቷ መዝሙር ተመልሳ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በምእመናን ፊት የሚቀረጽ ሸክላ ለማውጣት ቈረጠች። የተመረጠውም ስፍራ በሎስ አንጀለስ በዋትስ ሰፈር ያለው ኒው ቴምፕል ሚሽነሪ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ይህ ቤት ቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበረ፤ ኋላ የጸሎት ቤት ሆነ።

በጃንዋሪ 13 እና 14 ቀን 1972 ዓ. ም. በሁለት ሌሊት ሥራው ተፈጸመ። ፓስተር ጄምስ ክሊቭላንድ ፒያኖ እየመቱ ይመሩ ነበር፤ አሌክሳንደር ሃሚልተን ደግሞ የደቡብ ካሊፎርንያን መዘምራን ይመራ ነበር። ፓስተሩ አስቀድመው የተሰበሰቡት ለጸሎት ሥርዓት መሆኑን ለሕዝቡ አስታወቁ። አሬታ በዘፈን አዳራሽ እንደምታደርገው ብዙ አልተናገረችም፤ ዓይኗን ጨፍና ዘመረች። ፊልሙም ስሙን ያገኘበትን «አስደናቂ ጸጋ» የሚለውን የጥንት መዝሙር ስትዘምር ፓስተር ክሊቭላንድ ከፒያኖው ተነሥተው ተቀመጡ፥ ፊታቸውንም በመሐረብ ሸፍነው አለቀሱ። በሁለተኛው ሌሊት አባቷ መጡ። ተነሥተውም ሲናገሩ፥ ልጃቸው ከቤተ ክርስቲያን ከቶ እንዳልተለየች መሰከሩ፤ እርስዋ በፒያኖ ተቀምጣ ስትዘምርም ቀርበው እንደ ሕፃን የፊቷን ላብ ጠረጉላት። በኋለኛው ወንበር በኩል ከቆሙት መካከል ሚክ ጃገር ነበረ፤ አልታሞንት ከሆነ ገና ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ነበረ።

የድምፁን ሥራ የያዙት ሰዎች ሥራቸውን አሳምረው ስለ ፈጸሙ ሸክላው በጁን 1972 ዓ. ም. ወጣ። በአሜሪካ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ከሸክላዎቿም ሁሉ ብዙ የተሸጠው እርሱ ሆነ። በእነዚያ ሌሊቶች ግን ዋርነር የተባለው የፊልም ኩባንያ የላከው ሲድኒ ፖላክም ከካሜራ ሰዎቹ ጋር በቤቱ ውስጥ ነበረ፤ 20 ሰዓት የሚያህል ሥዕልም አነሣ። ፖላክ የተፈጠረ ታሪክ በሚያሳዩ ፊልሞች የተመሰገነ ሰው ነበረ፤ እንዲህ ያለውን የሙዚቃ ፊልም ግን ሠርቶ አያውቅም ነበር። ካሜራዎቹ በየስፍራው ሲቆሙና ሲነሡ፥ ያ የእንጨት ሰሌዳ አልተመታም።

ስለዚህ ሥዕሉና ድምፁ የሚገናኙበት ምልክት ጠፋ። የተቈራረጠው ፊልም ብዙ ነበረ፤ የትኛው የከንፈር እንቅስቃሴ ለየትኛው ቃል እንደሆነ ለማወቅ ከንፈር የሚያነቡ ሰዎች ሳይቀሩ ተሞከሩ፥ አልሆነም። ኩባንያው ፊልሙን በግምጃ ቤት አስቀመጠው። በዚህ መካከል ዘመን አለፈ። ሲ. ኤል. ፍራንክሊን በ1984 ዓ. ም.፥ ፓስተር ክሊቭላንድ በ1991 ዓ. ም. አረፉ። ድምፃቸውን ዓለም ሲሰማ ኖረ፤ ፊታቸው ግን በጨለማ ነበረ።

በ2007 ዓ. ም. አለን ኤሊየት የተባለ የሙዚቃ ሰው ያንን ፊልም ከኩባንያው ገዛ፤ ፖላክም በሚከተለው ዓመት ሞተ። በ1972 ዓ. ም. የሰው ዓይንና ጆሮ ያልቻሉትን አሁን ኮምፒዩተር ስለ ቻለው ሥዕልና ድምፅ ተገናኙ። ነገር ግን የእንጨቱ ምልክት ጉድለት ሲፈታ ሌላ ጉድለት ተገለጠ፤ ይኸውም የባለቤቲቱ ፈቃድ ነው። አሬታ በ2011 ዓ. ም. ከሰሰች፤ በሴፕቴምበር 2015 ዓ. ም. ፊልሙ በቴሉራይድ በዓል ሊታይ ሲል እንደ ገና ፍርድ ቤት ቀርባ፥ በዳኛ ትእዛዝ አስቆመችው። ክርክሯ ስለ ሥራው ማማርና አለማማር አልነበረም፤ እኔ ሳልፈቅድ መልኬንና ድምፄን ሌላ ሰው ሊሸጥ አይችልም የሚል ነበር።

በዚህ ነገር ብዙዎች አዘኑባት፤ እንዲህ ያለ መዝሙር ከሕዝብ ይሰወራልን ብለው። ዳሩ ግን ክርክሯን በቅን ዓይን መመልከት ይገባል። በዚያ ዘመን የጥቁር ዘፋኞች ድምፅ በውል ስም ተወስዶ ትርፉ ለሌላ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እርስዋም ይህን ከብዙ ዘመን ልምዷ ታውቅ ነበር። ጸሎቷን ለእግዚአብሔርና በዚያ ለነበሩት ሰጥታ ሊሆን ይችላል፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ለመጣ ነጋዴ ግን አልሰጠችም። በሌላ ወገን ደግሞ፥ በዚያ ሌሊት የዘመሩት እርስዋ ብቻ አልነበሩም፤ መዘምራኑ፥ ያለቀሱት ፓስተር፥ እጃቸውን ያነሡት የዋትስ እናቶች ሁሉ በዚያ ሥዕል ውስጥ ነበሩ። የእነርሱስ መታሰቢያ በማን ፈቃድ ይታሰር? በእርስዋ ሕይወት ይህ ጥያቄ አልተፈታም። አሬታ በኦገስት 16 ቀን 2018 ዓ. ም. አረፈች፤ ቤተ ሰቦቿ ፊልሙን አይተው ፈቀዱ፤ በኖቬምበርም በኒውዮርክ ታየ፥ በ2019 ዓ. ም. ደግሞ በየሲኒማ ቤቱ ወጣ።

እነዚህን ፊልሞች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው የሚያስተውለው ይህ ነው። የዉድስቶክን ዝና የዉድስቶክ ዘፈን ብቻ አልሠራውም፤ ፊልሙ ገንዘብና ሲኒማ ቤት ስላገኘም ነው። የሃርለም በዓል የተረሳው ዘፋኞቹ አንሰው አይደለም፤ ቴፑን የሚገዛ ስለ ታጣ ነው። የዋትስ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር 46 ዓመት ያለ ሥዕል የቆየው በመጀመሪያ አንድ ሰው ሁለት እንጨት ሳያጋጭ ስለ ቀረ፥ ኋላም ባለቤቲቱ እሺ ስላላለች ነው። «በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል፥ መጽሐፉን ማን እንደ ጻፈው፥ ማን እንዳስቀመጠው፥ ማንስ ሊከፍተው እንደሚችል አብሮ ሊታወቅ ይገባል። ዛሬ ሰው ሁሉ በኪሱ ካሜራ ይዞ ሲዞር፥ ሥዕልና ድምፅም ያለ ሰሌዳ ራሳቸው ሲስማሙ፥ የመጀመሪያው ችግር አልፏል። የተነሣው ሰው ፈቃድ ነገርና የተነሣውን የማስቀመጥ ነገር ግን እንደ ቀድሞው ናቸው።

ፊልሙ በመጨረሻ በታየ ጊዜ የሚያየው ሕዝብ በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ፥ ቀድሞ ሲኒማ ቤት የነበረውን ያንን የጸሎት ቤት በመጋረጃ ላይ አየ። አባቷ እንደ ገና ተነሥተው ወደ ፒያኖው ቀረቡ፤ የልጃቸውንም ላብ ጠረጉ። በዚያ ጊዜ ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም።